ከዛገ ኩፔ ሆት ሮድ መሥራት

ሎስ አንጀለስ መጥቼ መጀመሪያ ጋራዥ ስገባ አፌ የለመደው ቃል ሁሉ ጣልያንኛ ሆኖ ተገኘ። ባሌስትራ (ድርብርብ የብረት ሞላ)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን)፣ ቴስታታ (የሞተር ራስ)፣ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ)። አዲስ አበባ ሙያውን ስንማር እነዚህ አማርኛ ነበሩ። እዚህ ማንም አይገባውም። አንድ ቀን ግን አንድ አሮጌ ፎርድ ተጎትቶ መጣ። ኮፈኑን ስከፍት ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ። ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ የሸራ ፍሬን፣ ፊትና ኋላ አንዳንድ አግዳሚ ባሌስትራ። «ይቺንስ አውቃታለሁ» አልኩ። ሆት ሮድ፣ ማለትም አሮጌ መኪና አቅልሎና ሞተሩን አበርትቶ ለፍጥነት መሥራት፣ የያዘኝ ያን ቀን ነው።

ነገሩ የተወለደው እዚሁ ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ርካሽ አሮጌ ፎርድ ይገዛሉ። ፓራፋንጎውን ፈተው ይጥላሉ። ከወደቀ መኪና የተሻለ ሞተር ያወጣሉ። ከዚያ ሙሮክ እና ኤል ሚራዥ ወደሚባሉ የደረቁ የሐይቅ ወለሎች ሄደው ይሽቀዳደማሉ። ውድድሩን ሥርዓት ያስያዘው የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት ቆጣሪዎች ማኅበር በ1937 ተመሠረተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብየዳና ሞተር የተማረ ወታደር ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩ ጋለ። በ1949 ደግሞ ዩታ ውስጥ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ የመጀመሪያው የፍጥነት ሳምንት ተካሄደ።

ዛሬ «ባህላዊ» የሚባለው ሆት ሮድ ያ ልጅ ያኔ ሊሠራው ይችል የነበረው መኪና ነው። ሆን ተብሎ የዛገና የተቆራረጠ «ራት ሮድ» የሚሉት ሌላ ነገር ነው። እሱ የእኔ ጣዕም አይደለም።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ዓመት ምረጡና ግድግዳ ላይ ጻፉት። እኔ 1951 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ዓመት በኋላ የወጣ ዕቃ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቦታ ላይ አይገጠምም። የ1955ቱ የሼቭሮሌ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ግሩም ሞተር ነው፣ ርካሽም ነው፤ ግን 1951 ላይ አልነበረም። ያ ልጅ ዲስክ ፍሬንም ራዲያል ጎማም አልነበረውም። ይኼ ውሳኔ ብዙ ክርክር ይቆርጣል። ብዙ ገንዘብም ያድናል፤ በየሳምንቱ አዲስ ዕቃ አይታችሁ ሐሳብ አትለውጡም።

ቦዲውን መግዛት

ሁሉም የሚመኘው የ1932ቱን ፎርድ ኩፔ (ባለ ሁለት በር መኪና) ነው። ዋጋውን ስትሰሙ ምኞቱ ይተዋችኋል። ለጀማሪ የምመክረው የ1930 ወይም የ1931 ሞዴል ኤ ኩፔ ነው። ፎርድ ሞዴል ኤን ከአራት ሚሊዮን በላይ ስላመረተ እስከ ዛሬ ከእርሻ ቦታና ከጎተራ ይወጣል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በኋላ ጣሪያ ስንቆርጥ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ። የሞዴል ኤ ቁጥር ግራው የሻንሲ ብረት ላይ፣ ከቦዲው ሥር ተመትቷል። ባለቤቱ የያዘው ወረቀት ላይ ካለው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ቦዲው የቱንም ያህል ቢያምር ትታችሁ ሂዱ። «በኋላ ይስተካከላል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አይስተካከልም።

ቀጥሎ ማግኔት ያዙና ዙሩት። ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ዝገት የሚበላው ታች ነው፤ የበሩ የታችኛው አንድ ስንዝር፣ ከኋላ ጎማው ጀርባ ያለው ላሜራ፣ የሻንጣው ወለል፣ ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚቀመጥበት ብረት። ለእነዚህ ሁሉ አዲስ ላሜራ ተሠርቶ ይሸጣል። የተጣመመ የበር መዝጊያ ምሰሶ ግን ራስ ምታት ነው። የጣሪያው መሀል ብረት እንዳልሆነ አትርሱ፤ እንጨትና ሸራ ነው። እንጨቱ በስብሶ ብታገኙት አትደንግጡ፣ የሚጠበቅ ነው።

ቀለሙን በአሸዋ ማስነፋት ቀላል ይመስላል። ሰፊና ለጥ ያለ ላሜራ ላይ ግን ግፊቱ ከበዛ ብረቱ እንደ እንጀራ ይነፋል፤ አይመለስም። በር፣ ጣሪያና ሻንጣ ላይ በኬሚካል ወይም በእጅ አስለቅቁ። አሸዋውን ለሻንሲና ለአክስል ተዉት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። የሞዴል ኤ የቤንዚን ሰልባቲዮ ያለው ኋላ አይደለም፤ ከመስታወቱ ፊት፣ ከጉልበታችሁ በላይ ነው። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተር ይወርድ ነበር። ሰልባቲዮው ለ50 ዓመት ደርቆ ቢቆይም ውስጡ ጋዝ ሊኖር ይችላል። አውጥታችሁ ሳታጸዱ አጠገቡ ብየዳ አታብሩ። እኔ አዲሱን ሰልባቲዮ ሻንጣ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጉልበቴ ላይ ቤንዚን ይዤ መንዳት አልፈልግም፣ ለ1951 ፍቅር ስል እንኳ።

ሻንሲው

ኦሪጅናሉ የሞዴል ኤ ሻንሲ የተሠራው 40 የፈረስ ጉልበት ላለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ብረቱ በአንድ በኩል ክፍት ነው፤ ቪ8 ሲገጠምበት ይጠመዘዛል። ስለዚህ የተከፈተውን ጎን በላሜራ ዘግታችሁ ሣጥን ታደርጉታላችሁ። 3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ይበቃል።

ከብየዳው በፊት ሻንሲውን አራት ጠንካራ መቆሚያ ላይ አስቀምጡና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ ለኩ፣ ከዚያ ተቃራኒውን። ሁለቱ ልኮች ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ሻንሲው ተጣሟል፣ መጀመሪያ እሱ ይቃና። ስትበይዱ በአንድ ትንፋሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ አትሂዱ። 4 ሴንቲሜትር እዚህ፣ ከዚያ ሌላኛው ብረት ላይ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ መሀል ላይ። እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት። እኔ አንድ ቅዳሜ ቸኩዬ ግራውን ጨረስኩ። እሑድ ስለካ 6 ሚሊሜትር ተጎብጦ አገኘሁት። ለማቃናት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

አክስልና ከፍታ

ሆት ሮድን ሆት ሮድ የሚያስመስለው ቁመናው ነው። ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ትንሽ ቀና። ፊቱን ዝቅ የምታደርጉት ባሌስትራ በመቁረጥ አይደለም። ጫፎቹ ወደ ላይ የታጠፉ «ድሮፕድ አክስል» የሚባል አለ፤ መኪናውን ወደ 10 ሴንቲሜትር ያወርዳል። በድሮ ጊዜ ኦሪጅናሉን አክስል በእሳት አግለው ይስቡት ነበር። ዛሬ አዲስ ተሠርቶ ይገዛል።

አክስሉን ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆመው የቪ ቅርጽ ያለው ዘንግ ዊሽቦን ይባላል። ጫፉ ሞተሩ ሥር ስለሚገባ ከመሀል ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ሻንሲው ላይ ይታሰራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዊሽቦን ሲከፈል፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ መጠምዘዝ አለበት። እንደ እንግሊዝኛው I ፊደል ቅርጽ ያለው ኦሪጅናል ዓይነት አክስል ትንሽ ይጠመዘዛል፣ ችግር የለም። የቱቦ አክስል ግን አይጠመዘዝም፤ ጭነቱን ወደ ማሰሪያው ያስተላልፍና ያ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከተከፈለ ዊሽቦን ጋር ቱቦ አታጋቡ።

አክስሉን ስትገጥሙ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘንብል። ካስተር የሚሉት ይኼ ነው። ካነሰ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ መሪው እንደ ወባ ታማሚ ይንቀጠቀጣል። የፊት ጎማዎቹ ደግሞ ከፊት በኩል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይጠጋጉ። ለመሪ ሣጥን ከ1948 እስከ 1952 የተሠራው የፎርድ ኤፍ1 ፒክአፕ ሣጥን ጥሩ ነው፤ ከሞዴል ኤው በጣም ይለሰልሳል፣ ዘመኑም ይገጥማል።

ለጎማ ባለ 16 ኢንች የፎርድ የብረት ቸርኬ። ፊት ቀጭን 5.50፣ ኋላ ወፍራም 7.50። ትልቅና ትንሽ ጎማ ያለ ሌላ ማስዋቢያ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ፍሬን ላይ አትቆጥቡ

ሞዴል ኤ የሚቆመው በብረት ዘንግ በሚጎተት ፍሬን ነው። ፎርድ እስከ 1938 ድረስ በዘንግ ወይም በገመድ ከሚጎተት ፍሬን አልወጣም። በዘይት የሚሠራው የመጣው በ1939 ነው። የድሮ ልጆችም ያደረጉት ከ1939 እስከ 1948 ካሉት ፎርዶች ሙሉውን የዘይት ፍሬን አንስቶ መግጠም ነበር። እኛም ያንኑ እናደርጋለን። ታምቡሩ (ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት) ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 12 ኢንች ነው፤ ክብደቷ ለቀነሰ መኪና በቂ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን የግድግዳውን ዓመት እጥሳለሁ። የዚያን ዘመን የፍሬን ፖምፓ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ባለ ሁለት ክፍል ፖምፓ ወለሉ ሥር ግጠሙ፤ ማንም አያየውም። ፖምፓው ከጎማዎቹ ሲሊንደር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የ10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ቫልቭ መሀል ላይ ይግባ። ይኼን የረሳ ሰው ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ካልረገጠ አይቆምም። ምክንያቱን ሲፈልግም ይከርማል።

የኋላው ዲፈረንሻል የፎርድ «ባንጆ» ነው፤ ስሙ የመጣው ከቅርጹ ነው። የኋላ ታምቡር የተቀመጠበት አክስል ጫፉ ሾጣጣ ነው። በመዶሻ አትምቱት። ትክክለኛውን ፑለር (መንቀያ) ተከራዩ ወይም ተዋሱ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ዳዶውን ወደ 300 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ላላ ካለ ታምቡሩን ከአክስሉ ጋር የሚይዘው ትንሽ ብረት ይቆረጣል፣ አክስሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከ1940ዎቹ መኪና የመጣ ባንጆ ከሆነ ደግሞ ዘንጉና የያዘው ቱቦ ለሞዴል ኤ ይረዝማሉ። የሞዴል ኤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 103 ከግማሽ ኢንች ብቻ ነው። ማሳጠሩን ለጥሩ ቶርኒቶር ስጡ።

ሞተሩ

ፎርድ በ1932 ቪ8 ለተራ ሰው አወጣ፤ 221 ኪዩቢክ ኢንች፣ 65 የፈረስ ጉልበት። ቫልቮቹ ቴስታታው ውስጥ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ ቴስታታው ጠፍጣፋ ክዳን ነው። «ፍላትሄድ» የተባለው ለዚህ ነው። እስከ 1953 አሜሪካ ውስጥ ተሠራ። እኔ የምመክረው ከ1949 እስከ 1953 ያለውን፣ 239 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ነው። በቀላሉ ይገኛል። የዚያው ዘመን ሜርኩሪ ክራንክሻፍቱ ፒስተኑን የሚገፋበት ርቀት ረጅም ስለሆነ 255 ይሰጣል፤ ካገኛችሁ ውሰዱት።

የፍላትሄድ ችግር ሁለት ነው፤ ስንጥቅና ሙቀት። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይመጣሉ። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውጭ የሚወጣው በብሎኩ ውስጥ፣ በውሃው መሀል አልፎ ነው። በዚህ ላይ በያንዳንዱ ጎን ለአራት ሲሊንደር የጭስ በር ሦስት ብቻ ነው፤ መሀል ያሉት ሁለቱ አንድ በር ይጋራሉ። ብሎኩ ይግላል፣ ከቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ብሎኩን አራቁታችሁ አሳጥቡ። ቀጥሎ በማግኔትና በብረት ዱቄት ስንጥቅ አስፈልጉ። ከዚያ በውሃ ግፊት አስፈትኑ። ይኼ ካለፈ ብቻ ሲሊንደር ማስፋት፣ ፒስተን መግዛት ይመጣል። እኔ የመጀመሪያውን ብሎክ አንድ ማሽን ሱቅ ሰጥቼ ሲሊንደሩን አሰፉልኝ፣ አስከፈሉኝ፣ ከዚያ በኋላ «ስንጥቅ አለው» አሉኝ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ መናገር የነበረባቸውም እነሱ ናቸው። አሁን ያ ብሎክ ግቢያችን ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ነው።

የውሃ መንገዱ ውስጥ ብሎኩ በአሸዋ ሻጋታ ከተቀረጸበት ጊዜ የቀረ አሸዋና የ70 ዓመት ዝገት አለ። በሽቦና በውሃ ንጹሕ እስኪሆን ቆርቁሩት። ሁለት የውሃ ፓምፕ አለው፣ ለያንዳንዱ ጎን አንድ፤ ሁለቱንም አዲስ አድርጉ። ራዲያተሩም ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ ያለው ይሁን። «ፍላትሄድ ሁልጊዜ ይፈላል» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ያላጸዱት ናቸው።

ለመልክም ለጉልበትም ሁለት ስትሮምበርግ 97 ካርቡራተር በአንድ ማኒፎልድ (ቤንዚንና አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ላይ ይቀመጣል። 97 የተባለው ጉሮሮው 0.97 ኢንች ስለሆነ ነው። ይኼ ካርቡራተር ግፊት አይወድም። የቤንዚን ፓምፑ ከ2 ተኩል ፒኤስአይ በላይ ከሰጠው ያጥለቀልቃል፤ ቤንዚን የጋለ ማኒፎልድ ላይ ይንጠባጠባል። ግፊት መቀነሻ አድርጉለት።

ካምቢዮው የ1939 ፎርድ ባለ ሦስት ማርሽ ነው። አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይንጫጫ እንዲገባ የሚያደርግ ዕቃ) የለውም፣ ቆማችሁ ነው የምታስገቡት። የ1949ኙን ሞተር ከድሮው ካምቢዮ ጋር ለማገናኘት የዚያው ዘመን የፎርድ ፒክአፕ የፍሪሲዮን ቤት ያስፈልጋል።

ሁሉንም በጥሬው መግጠም

አሁን ቀለም አይታሰብም። ሻንሲውን ጎማው ላይ አቁሙ። ሞተሩን በቦታው አንጠልጥሉ፤ ባዶ ብሎክ ይበቃል። ቦዲውን ጫኑ። ራዲያተሩን አቁሙ። መሪውን፣ ፔዳሉን፣ መቀመጫውን፣ የጭስ ቱቦውን፣ ሁሉንም። ማራገቢያው ራዲያተሩን ይነካል? የመሪው ዘንግ የጭስ ቱቦውን ይነካል? ፍሪሲዮን ስትረግጡ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል? እያንዳንዱ መያዣ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ አሁን ይሠራ። ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚበየድ መያዣ ቀለሙን አቃጥሎ ያስለቅሳችኋል።

ቦዲውን ወደ ሻንሲው ማስጠለቅም አሁን ነው የሚወሰነው። ወለሉ ተቆርጦ ቦዲው ሻንሲው ላይ ሲወርድ በጣም ያምራል። ግን ረጅም ሰው ከሆናችሁ ጉልበታችሁ አገጫችሁ ጋ ይደርሳል። እኔ አላጠለቅሁም።

ጣሪያ መቁረጥ

ሁሉም ሰው የሚፈራው ይኼን ነው፣ መፍራትም ተገቢ ነው። የሞዴል ኤ ጥቅም እዚህ ላይ ይወጣል። የመስታወት ምሰሶዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጣሪያው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ምሰሶው ከምሰሶው ይገናኛል። ከዚያ በኋላ የመጡት ኩፔዎች ምሰሷቸው ያዘነበለ ስለሆነ ጣሪያውን መሰንጠቅና ማስረዘም ይጠይቃሉ።

ምን ያህል? መቀመጫው ላይ ተቀመጡና መስታወቱ ላይ ከላይ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። 7 ሴንቲሜትር ተኩል ለብዙ ሰው ልክ ነው። 12 የቆረጠ ሰው አውቃለሁ። ትራፊክ መብራት ላይ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚያየው።

በሮቹን ዝጉ። ቦዲውን ከውስጥ በብረት ቱቦ ከጎን ወደ ጎንና በሰያፍ አስሩት። ይኼን ካልሠራችሁ ጣሪያው በተነሳ ደቂቃ ቦዲው ይከፈትና በሩ ዳግመኛ አይዘጋም። ምሰሶው በጣም ቀጥ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። ሁለት መስመር በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ በግራም በቀኝም ከአንድ መነሻ ለክታችሁ። ሦስት ጊዜ ለኩ። በቀጭን ምላጭ ቁረጡ። ለማንሳት ሁለት ጓደኛ ጥሩ፤ የጣሪያው ክብደት ሳይሆን መወዛወዙ ነው የሚያስቸግረው። አውርዳችሁ በነጥብ ብቻ በይዱት። በሮቹን ክፈቱ፣ ዝጉ። ክፍተቱ እኩል ከሆነ ነው ሙሉው ብየዳ የሚቀጥለው፤ እሱም በነጥብ፣ እያቀዘቀዙ።

መስታወቱ ቀላል ነው። የሞዴል ኤ መስታወት ሁሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ማንኛውም መስታወት ቤት በአዲሱ ልክ ይቆርጥላችኋል። ላሚኔትድ ይሁን በሉ።

ኤሌክትሪክና ቀለም

ፎርድ እስከ 1955 ባለ 6 ቮልት ነበር። እኔ 12 አድርጌዋለሁ፤ ሞቶሪኖው በብርድ ጠዋት አያቃስትም። በጨርቅ የተሸፈነ ሽቦ ዛሬም ይሸጣል፣ ከሩቅ የድሮ ይመስላል። ፊውዞቹን መቀመጫው ሥር ደብቁ። ፍሬቻ ሞዴል ኤ ላይ ባይኖርም ግጠሙ።

አሁን ሁሉንም ፍቱ። እያንዳንዱን ብሎን በከረጢት አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት። ቦዲው ወደ ባትላሜራ፣ ሻንሲው ወደ ቀለም። ጥቁር ከመረጣችሁ ላሜራው ላይ ያለ እያንዳንዱ ጉድጓድ ይታያል። ቀይ ቡኒ ፀረ ዝገት ቀለም ብቻ ቀብቶ መንዳትም ዘመኑን ይመስላል፤ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ገንዘባቸው እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። የእኔም እዚያ ላይ አለቀ።

የመጀመሪያው ጉዞ

አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ከገባ ሞተሩን ለ20 ደቂቃ በ2,000 ዙር ገደማ አሠሩት፤ ዝቅ ብሎ እንዲንተከተክ አትተዉት። ዚንክ የበዛበት ዘይት ተጠቀሙ። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን።

መጀመሪያ ሠፈር ውስጥ ብቻ ዙሩ። ፍሬኑን ባዶ መንገድ ላይ ደጋግማችሁ ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ አስተካክሉ። 80 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ መኪናዋን አንስታችሁ ከፊት እስከ ኋላ ብሎን ሁሉ እንደገና አጥብቁ። የባሌስትራ ማሰሪያዎቹንና የኋላ አክስሉን ዳዶ በተለይ። የእኔ የግራው ሩብ ዙር ላልቶ ነበር።